የደሴ ማስታወሻ፦ ተዝካር፣ ፑርጋቶሪ እና የጳጳሱ ቁልፍ

ሐሙስ

መንገዱ ሰላም ነበር፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ አስቀድሜ ልናገር። ከአዲስ አበባ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሰዉ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ መስኮት ክፈቱ አትክፈቱ የሚባለው የማያልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ከሚሴን፣ ሐርቡን አልፈን ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ገባን።

የመጣሁት ለአክስቴ አርባ ነው። ተዝካሩ ቅዳሜ ደሴ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የወረድኩት ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ ነው። የአዲግራት ልጅ ነው። ካቶሊክ፣ ያውም ለነገሩ የሚጨነቅ ካቶሊክ። ተማሪ ሳለን ለእረፍት ደሴ ይዤው ስመጣ አክስቴ ከእኔ አስበልጣ ነበር የምታበላው። "አንተማ የቤት ልጅ ነህ፣ እሱ ነው እንግዳ" እያለች የበጉን ጥሩ ጥሩውን ወደ እሱ ትገፋለች።

ራት ላይ እንዲህ አለኝ፦ "ኢዮቤልዩው ሳይዘጋ ለእትዬ ነፍስ ሙሉ ስርየት አቅርቤላታለሁ።"

ጉርሻዬን ዋጥኩና ዝም አልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. 2025 ለካቶሊኮች የኢዮቤልዩ ዓመት ነበር። ጳጳስ ፍራንቸስኮስ በ2024 የገና ዋዜማ የቅዱስ ጴጥሮስን ቅዱስ በር ከፈቱ፣ እሳቸው በመሃል አረፉና በሩን በጥር 2026 የዘጉት ተተኪያቸው ሊዮን 14ኛ ናቸው። ልማዱ የቆየ ነው፣ ቦኒፋስ 8ኛ በ1300 የጀመሩት። በዚያ ዓመት አንድ ካቶሊክ ወደተመረጠ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቢሳለም፣ ንስሐ ቢገባ፣ ቢቆርብ፣ ስለ ጳጳሱ ሐሳብ ቢጸልይ ሙሉ ኢንደልጀንስ ያገኛል፤ ማለትም ለኃጢአቱ የቀረበት ጊዜያዊ ቅጣት ሁሉ ይሰረዝለታል። ለራሱ ሊያደርገው ይችላል። ፑርጋቶሪ በሚባለው የመንጻት ስፍራ ላለ ሙትም ሊሰጠው ይችላል። በሕይወት ላለ ለሌላ ሰው ግን አይሆንም፣ ስለዚህ ለእኔ ሊያደርግልኝ አስቦ ቢሆን እንኳ አይችልም ነበር።

"አክስቴ እኮ ኦርቶዶክስ ናት" አልኩት።

"ነፍስ ምን መታወቂያ አላት?"

አመሰገንኩት። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት። ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን።

አርብ

ጠዋት ኮምቦልቻ ገና ሳይሞቅ ከቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለን ሽሮ በላን። እሱም ይጾማል። የአዲግራት ካቶሊኮች የሚቀድሱት በግእዝ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው የእኛ ሰፈር ቅዳሴ ነው የምለው። ለዚህ ይሆናል ክርክሩ የሚያመኝ። ሩቅ ሰው ቢሆን ኖሮ "የራሱ ጉዳይ" ብዬ አልፈው ነበር።

ክርክሩን በአግባቡ ላስቀምጥለት። ኢንደልጀንስ ኃጢአት ይቅር አይልም፣ ይቅርታው በንስሐ አልቋል ይላል። የሚቀረው ጊዜያዊው ቅጣት ነው። "የጎረቤት መስኮት በኳስ ሰብረህ ጎረቤትህ ይቅር ቢልህ፣ መስታወቱን ማን ይከፍላል?" አለኝ። ዳዊትንም ጠቀሰ፣ ነቢዩ ናታን "እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል" ካለው በኋላ ልጁ መሞቱን። ደህና ክርክር ነው። ሰው ይቅር ተብሎም መዘዙን ሲሸከም ሁላችንም አይተናል።

የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው ግን እዚያ ላይ ነው። የመስታወቱን ሒሳብ ክርስቶስ ከፍሏል ካልን፣ ልጁን ከሞት በኋላ በእሳት አስቀምጦ ቀሪውን የሚያስከፍለው ማነው? የዳዊትስ ቅጣት የወረደው እዚሁ ምድር ላይ ነው፤ ከሞተ በኋላ ውዝፍ ቀረበት የሚል አንድም ቃል የለም። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴም አለ። ያን ሁሉ ዘመን ዘርፎ "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ነው የተባለው። ጓደኛዬ "እሱማ መስቀሉ ላይ ተሰቃይቶ ነጻ" አለ። በግራ ያለውም እኮ ያንኑ ስቃይ ተሰቃይቷል።

እሱ የሚያመጣው ዋና ጥቅስ የ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 ነው፣ "በእሳት እንደሚድን" የሚለው። እኔ ሳነበው ግን የሚፈተነው የሰውየው ሥራ ነው፣ ወርቅም ይሁን ገለባ፣ የሚፈተነውም በዚያ ቀን ነው። ነፍሶች ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁበት ስፍራ አላየሁበትም። ግሪኮችም በዘመናቸው ያስቸገሩት ይኼንኑ ይዘው ነው። ከሮማ ጋር አንድ ለመሆን በተሰበሰበው ጉባኤ፣ ፌራራና ፍሎረንስ ላይ በ1438 እና 1439 ስለ እሳቱ ሲከራከሩ የእነሱ ጳጳስ የኤፌሶኑ ማርቆስ የአንድነቱን ሰነድ እስከ መጨረሻው አልፈርምም ብሎ ወጥቷል። ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም በ1441 እዚያው ጉባኤ ደርሰው ነበር፣ ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ተገረመ።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባን፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። ዱሮ በጸሎት መጽሐፎቻቸው ከጸሎቱ ሥር "300 ቀን"፣ "7 ዓመት" ተብሎ ይታተም ነበር። ሕዝቡ ያንን የፑርጋቶሪ እስር ቅነሳ አድርጎ ነበር የሚረዳው። ትርጉሙ በጥንት ዘመን ለንስሐ ገቢ ይሰጥ ከነበረው ቀኖና ጋር የሚመጣጠን ነው እንጂ የሰማይ ሰዓት አይደለም ይላሉ ሊቃውንቱ። ይሁን። በ1967 ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ቀኑንና ዓመቱን በአንድ ድንጋጌ አስቀሩት። አሁን ያለው "ሙሉ" እና "ከፊል" ብቻ ነው። በአንድ ፊርማ የሚቀር ቁጥር መጀመሪያውኑ የማን ቁጥር ነበር? ያቺ በ1900 "300 ቀን አተረፍኩለት" ብላ ለባሏ ስትጸልይ የኖረች ባልቴት ምን አተረፈችለት?

"ጸሎቷን" አለ ጓደኛዬ።

ጥሩ መልስ ነው። ግን ያቺ ባልቴት ያለ ቁጥሩም ትጸልይ ነበር።

ሌላም አለ። ሙሉውን ለማግኘት ከማናቸውም ኃጢአት፣ ከትንሿም ጭምር፣ ልብ ፈጽሞ የተላቀቀ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ታውቃለህ ወይ አልኩት። "እኔ አይደለሁም" አለና ሳቀ። እንግዲያው ለአክስቴ ያቀረብክላት ሙሉው ይሁን ከፊሉ አታውቅም ማለት ነው። አላውቅም አለ። በዚህ ታማኝነቱ ነው የምወደው።

ማታ ላይ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎን ስትወጣ መኪናው ያቃስታል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ የኮምቦልቻ መብራት ከታች ይበተናል። ደሴ ብርዷ እንዳለ ነው፣ ጋቢ ያልያዘ ይጸጸታል።

ቅዳሜ

ከሌሊቱ ፍትሐት ጀምሮ ቀኑ የግርግር ነው። ዕድሩ ድንኳኑን ትላንት ተክሎታል። ጓሮ ውስጥ ሁለት ወጥ ቤት አለ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ መሃል ላይ የተንጠለጠለ ሸራ። የግራው የሙስሊም ጎረቤቶች ነው። በጉን ያረዱት እነሱ፣ ድስቱ የእነሱ፣ ጭልፋው ሳይቀር ከቤታቸው የመጣ ነው። አንዲት ልጅ ጭልፋ ተሳስታ ከቀኝ ወደ ግራ ልታሻግር ስትል ሁለቱም ወገን "ኧረ ተይ!" ብለው እኩል ጮሁባት፣ ከዚያ እኩል ሳቁ። ወሎ ውስጥ ለቅሶም ድግስም እንዲህ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ያለባቸው ዘመዶች ስላሉን ልጅ ሆነን ይኼ ነገር እንግዳ መሆኑን እንኳ አናውቅም ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ አባባ የሚላቸው ሽማግሌ ከበሉ በኋላ ዱዓ አደረጉላት። "የሰጠችው ሰደቃ ይድረሳት" አሉ። ድንኳኑ ባንድ አፍ አሚን አለ። ስለ ፑርጋቶሪ አላነሳሁባቸውም፣ ምግባቸውን ልተውላቸው።

ቄሱን ግን አልተውኩም። የአክስቴ ንስሐ አባት ናቸው። ጠላ ቀርቦላቸው አረፍ ሲሉ ጠጋ አልኩ።

"አባ፣ ፍትሐቱ ምን ያደርግላታል?"

"ከሞት በኋላ ንስሐ የለም" አሉ ፈጠን ብለው። "ከገነትና ከሲኦል ሌላ ሦስተኛ ቦታም የለም። ሮማውያን የሚሉትን እኛ አንቀበልም።"

"ታዲያ ጸሎቱ?"

ጠላውን አስቀመጡ። "ንስሐ ገብቶ ቀኖናውን ሳይጨርስ የሚሞት አለ። ቤተ ክርስቲያን ለእሱ ትለምናለች። እሱ መሐሪ ነው።"

እኔ እንግዲህ ትላንት ቀኑን ሙሉ "ከይቅርታ በኋላ ምን ቀሪ አለ?" ስል የዋልኩ ሰው ነኝ። ቀኖናውን ያልጨረሰ ማለት ጓደኛዬ ቀሪ ቅጣት ከሚለው በምን ይርቃል? ለቄሱ እንደዚያ አልኳቸው። አልተቆጡም። "ልዩነቱ እኛ ምን ያህል እንደቀረው አንመዝንም፣ ይኼን ያህል ተነሳለት ብለንም አንነግርህም። እንለምናለን፣ እንተዋለን" አሉኝ። ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ልቤ የተቀበለው ይኼንን ነው።

ከሰዓት የአክስቴን ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ አወጣሁ። ካቶሊኮች ለፑርጋቶሪ የሚጠቅሱት ትልቁ ማስረጃ የ2ኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ነው። ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት ለሞቱ ወታደሮቹ 2,000 ድራክማ ብር ሰብስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ይልካል። በእኛው መጽሐፍ መቃብያንን ገለጥኩ፣ የለም። የእኛ ሦስቱ መቃብያን ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ታሪካቸው ፈጽሞ ሌላ ነው። ለካ ያ ጥቅስ አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሳለመው የኖረችው መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። ደግሞም ታሪኩን ልብ ብሎ ላየው፣ እነዚያ ወታደሮች ከልብሳቸው ሥር የጣዖት ክታብ ተገኝቶባቸው ነው። በካቶሊክ ሚዛን ይኼ ሞት የሚያመጣ ኃጢአት ነው፣ ፑርጋቶሪ የሚገባ ቀላል ኃጢአት አይደለም። ጥቅሱ ለሙታን መጸለይን ያሳይ ይሆናል። የመንጻት ስፍራን ግን አያሳይም።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ከአጎቴ ልጅ ጋር ቦሩ ሜዳ ሄድን፣ ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ ነው። ሰፊ ሜዳ፣ ንፋስ፣ ከብት። እንዲህ ካለ ቦታ የሃይማኖት ጉባኤ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ምኒልክን ይዘው እዚህ ሊቃውንቱን አከራከሩ። ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚሉት ተረቱ። እምቢ ያሉ አንዳንዶች ምላሳቸው መቆረጡን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የወሎ ሙስሊሞችም ተጠመቁ ተባሉ፣ መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት በዚህ ነው፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት። በሸዋ ሲያስተምሩ የነበሩት ካቶሊኩ አቡነ ማስያስም በቀጣዩ ዓመት አገር ለቀው ወጡ።

ይህን የማነሳው የእኛም እጅ ንጹሕ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። ካቶሊክን ስንነቅፍ ወዲያው ሱስንዮስና አልፎንሱ ሜንዴዝ ይመጡብናል፣ ያ ቂም ደግሞ ክርክሩን ይበላዋል። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ከቂም ውጭ የቆመ ነው።

የአጎቴ ልጅ ግን ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆይቶ "ግሸን ስትሄድስ?" አለኝ። በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣ ልጅ ነው። ግሸንን የረገጠ እንደ አርባ ቀን ሕፃን ይሆናል ሲባል ሰምተናል፣ እናቶቻችን አምነውበት በእግር ወጥተዋል። ተሳልመህ ወጣህ፣ ነጻህ። ኢንደልጀንስ ከዚህ በምን ይለያል?

ይኼ ነገር መንገዱን ሙሉ አሳሰበኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ "እኛ አንሸጥም" የሚል ነበር። ዛሬ እነሱም አይሸጡም። የሸጡበት ዘመን ነበር፣ ያውም የከፋ። በ1517 ቴትዝል የተባለው ሰባኪ በጀርመን ይዞት የዞረው ወረቀት ግማሹ ገቢ ለቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ፣ ግማሹ ደግሞ የማይንዙ ሊቀ ጳጳስ አልብረክት ሹመቱን ለማግኘት ከፉገር ባንክ የተበደረውን ዕዳ ለመክፈል ነበር። ምእመኑ የሚያውቀው ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ያኔ የነበሩት ጳጳስም ሊዮን ነበሩ፣ 10ኛው። ሳንቲሙ ሳጥኑ ውስጥ ሲንቃጨል ነፍሷ ትወጣለች የሚለውን ስብከት ማርቲን ሉተር ኢንደልጀንስን ተቃውሞ ከጻፋቸው 95 አንቀጾች በ27ኛው ጠቅሶታል። ይሁንና ካቶሊኮች በትሬንት ጉባኤያቸው በ1563 ክፉውን ትርፍ አወገዙ፣ ጳጳስ ፒዮስ 5ኛ በ1567 ገንዘብ የሚጠየቅበትን ኢንደልጀንስ ሁሉ ሻሩ። ስለዚህ ዛሬ "ትሸጣላችሁ" ማለት ሐሜት ነው። የእኛ የተዝካር ድግስ ስንቱን ቤት ዕዳ ውስጥ እንደከተተ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ቆጥረን ብናየው ከእነሱ አናንስም።

ልዩነቱ ካለ ቁልፉ ላይ ነው። ግሸን የሚወጣው ሰው ኪዳን አለ ብሎ ተስፋ ያደርጋል፣ መዝገብ ይዞ የሚቀንስለት ቢሮ የለም። ክሌመንት 6ኛ በ1343 ያጸኑት ትምህርት ግን የክርስቶስና የቅዱሳን ብቃት የተከማቸበት ግምጃ ቤት አለ፣ ቁልፉም በጴጥሮስ ተተኪ እጅ ነው ይላል። የቅዱሳን ጸሎት ይረዳል ማለት አንድ ነገር ነው። ትርፋቸው ተከማችቶ በድንጋጌ ይታደላል ማለት ሌላ። ቢሆንም "እንደ አርባ ቀን ሕፃን" የሚለውን እኔ ራሴ ከእንግዲህ እንደ በፊቱ ዝም ብዬ አልደግመውም። ይህን ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት፣ ደስ አላለውም።

ሰኞ

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ኮምቦልቻ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ምሳ በላን። ጥብስ፣ በዚያ ሙቀት። ያዘጋጀሁት አንድ ጥያቄ ነበር፣ የእኔም አይደለም፣ የሉተር 82ኛው አንቀጽ ላይ ምእመናን የሚጠይቁት ተብሎ የተጻፈ ነው፦ ጳጳሱ ነፍሶችን ከፑርጋቶሪ ማውጣት ከቻሉ ስለ ፍቅር ብለው ለምን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አያወጧቸውም?

ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፣ አልደነገጠም። "አይችሉማ" አለ። "በሕይወት ላለነው በሥልጣን ይሰጡናል። ለሙታን ግን በልመና ነው። ሲክስተስ 4ኛ በ1476 ለሙታን ሲፈቅዱም በልመና መልክ ነው ያሉት። እግዚአብሔር ይቀበል ዘንድ እንለምናለን እንጂ አናዝዝም።"

"እንግዲያው ፍትሐት ነው።"

"ፍትሐት ነው።"

"ታዲያ ሙሉ፣ ከፊል፣ በዚህ በር ግባ፣ ይኼን ጸሎት ድገም፣ እስከዚህ ቀን ድረስ የሚለው ለምን አስፈለገ? ለምኑና ተዉት።"

ትንሽ አሰበ። "ሰው እንዲነሳ" አለ። "ቀን ካልቆረጥክለት፣ በር ካላሳየኸው የማይነሳ ብዙ ነው። እኔ ራሴ ቀኑ ባይኖር ኖሮ ለእትዬ ዛሬ ነገ እያልኩ እቀር ነበር። እናንተስ አርባ ብላችሁ ቀን ባትቆርጡ አንተ ከአዲስ አበባ ትመጣ ነበር?"

አልመጣም ነበር። ግን እኔ የመጣሁበት ቀን እኛን የሚያገናኝ ቀን ነው አልኩት፣ የእሷን ቅጣት የሚቀንስ ነው ያለኝ የለም። "ብዙ ሰው እንደሚቀንስ ያስባል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቅዳሜ ድንኳኑ ውስጥ ብጠይቅ ግማሹ እንደዚያ ነበር የሚመልስልኝ። እኔም የምቃወመው ያንኑ ሐሳብ ነው፣ የእኛ ድንኳን ውስጥም ይሁን የእነሱ በር ላይ። የእነሱን የሚያከብደው ሐሳቡ የሕዝብ ግምት ሆኖ አለመቅረቱ ነው፤ በጉባኤ ጸድቆ፣ በድንጋጌ ተጽፎ፣ ይኸው በ2025 በር ተከፍቶለታል።

ሒሳቡን እኔ ልክፈል ስል ቀድሞኝ ከፍሎ ነበር። ለሰማንያዋ ደሴ እወጣለሁ ብሏል፣ እስከዚያ የጳውሎስ 6ኛን ሰነድ ሙሉውን በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔም በምላሹ የእኛን መቃብያን እልክለታለሁ፣ አንብቦት አያውቅም።